ውሃ የጠጣችው አሮጊት ጄት ስኪ

(ሐይቅ ዳር ያለ ጠባብ ጋራዥ። የቆርቆሮ በሩ ገርበብ ብሏል። መሀል ላይ፣ ባለሁለት ጎማ ጋሪ ላይ፣ ቀለሟ የለቀቀ አሮጌ ጄት ስኪ፣ ውሃ ላይ የምትነዳ ባለሞተር፣ ተቀምጣለች። ቤተሰቡ «አሮጊቷ» ይላታል። መቀመጫዋ ተነስቶ ሞተሯ ይታያል። «ኢንጅነር» የሚባለው የቤቱ አማች፣ ስሙን ለራሱ ያወጣው ራሱ ነው፣ እስከ ትከሻው ሞተሩ ውስጥ ገብቷል። «ፈዜ» የሚባለው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ካቻቢቴ ይዞ አጠገቡ ቆሟል። ለምን እንደያዘው የነገረው የለም።)

ፈዜ፦ እኔ አይገባኝም።

ኢንጅነር፦ አይገባህማ!

ፈዜ፦ ውሃ ላይ የምትኖር ነገር እንዴት ውሃ ያበላሻታል?

ኢንጅነር፦ «ላይ» አልክ! በራስህ አፍ! የምትኖረው ውሃ ላይ እንጂ ውሃ ውስጥ አይደለም።

ፈዜ፦ ዓሣስ?

ኢንጅነር፦ ዓሣ ሞተር አለው?

ፈዜ፦ ታዲያ ያለ ሞተር እንደዛ የሚፈጥነው በምኑ ነው?

ኢንጅነር፦ (ራሱን ከሞተሩ ያወጣል) ስማኝ፤ ዛሬ ከአንተ ጋር ስለ ዓሣ የምከራከርበት ጊዜ የለኝም። አባትህ ከሰዓት ይመጣሉ። እሁድ ዕለት ምን እንዳሉን ታስታውሳለህ?

ፈዜ፦ «ጉልበቴን አሞኛል» አሉ።

ኢንጅነር፦ ከዛ በኋላ!

ፈዜ፦ «ያንን መስኮት ዝጉልኝ» አሉ።

ኢንጅነር፦ ከዛ በኋላ!

ፈዜ፦ እ... «ከእንግዲህ ጋራዡ ለእኔ ከበደኝ፤ መጥቼ አሮጊቷን በደህና ካገኘኋት ቁልፉን ከሁለት አንዳችሁ እጅ አስቀምጬ አርፋለሁ» አሉ።

ኢንጅነር፦ ከሁለት አንዳችን! ወይ ለልጃቸው ወይ ለአማቻቸው። እንግዲህ እኔ አንተን አልናቅኩህም...

ፈዜ፦ ግን?

ኢንጅነር፦ ግን ምን?

ፈዜ፦ ሰው «አልናቅኩህም» ካለ በኋላ «ግን» ይመጣል።

ኢንጅነር፦ ግን ጋራዥ የሚመራው በጭንቅላት ነው! እኔ እስከ ዛሬ በሰው ጋራዥ፣ በሰው መፍቻ፣ በሰው ቁጣ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን እንኳ የራሴን በር በራሴ ቁልፍ ከፍቼ አላውቅም። ይሄ ካመለጠኝ እህትህን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ፈዜ፦ በዛው በትናንቱ ዓይንህ። ትናንት እንኳ እሷን እያየህ አይደል አሮጊቷን የገለበጥካት?

ኢንጅነር፦ አልገለበጥኳትም። ሙከራ ላይ ነበርኩ።

ፈዜ፦ አንድ እጅህን ለቀህ ለእህቴ እያውለበለብክላት ነበር።

ኢንጅነር፦ የነፋሱን አቅጣጫ እየለካሁ ነበር!

ፈዜ፦ ከየት ነበር የሚነፍሰው?

ኢንጅነር፦ ሳላውቀው ተገለበጥን።

ፈዜ፦ አይ፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይሄ ነው። እህቴም እስክትወድቅ ሳቀች። የአሮጊቷ ኋላ ላይ ግን ቀስት ተለጥፎ ነበር። «ስትገለበጥ በዚህ በኩል መልሷት» ይላል።

ኢንጅነር፦ አይቼዋለሁ።

ፈዜ፦ በዛኛው በኩል መለስካት።

ኢንጅነር፦ ቀስት የሚለጠፈው ለማያውቅ ሰው ነው።

ፈዜ፦ ለሚያውቅስ?

ኢንጅነር፦ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያውኑ አይገለበጥም... (ይቆማል፤ የተናገረውን ያስባል) የካንዴላ መፍቻውን አቀብለኝ!

(ፈዜ ካቻቢቴውን ያቀብለዋል። ኢንጅነር ካቻቢቴውን ያያል፣ ፈዜን ያያል፣ መፍቻውን ራሱ ያነሳል።)

ፈዜ፦ ከዛ ደግሞ አጠብካት።

ኢንጅነር፦ ከሐይቅ የወጣ ሞተር በንጹህ ውሃ ይታጠባል፤ ሕግ ነው። ለዚህ እንኳ ስህተት አትፈልግልኝ።

ፈዜ፦ ኧረ እኔ ምን አልኩ። አባባ የውሃውን ጎማ ሲሰኩላት ግን ሁልጊዜ «ውሃ ጨዋ እንግዳ ነው፤ ከሁሉ ኋላ ይገባል፣ ከሁሉ ፊት ይወጣል» ይላሉ።

ኢንጅነር፦ ምን ማለታቸው ነው?

ፈዜ፦ እኔንጃ። እኔ ስለ እንግዳ መስሎኝ፣ አክስትህ የመጡ ቀን ሰው ሁሉ ገብቶ እስኪያልቅ በር ላይ አቆምኳቸው። ከዛ ገበታ ሳይነሳ ጫማቸውን አመጣሁላቸው።

ኢንጅነር፦ አክስቴ እስከ ዛሬ የሚያኮርፉን በዚህ ነው?!

ፈዜ፦ ጨዋ ናቸው ብዬ እኮ ነው።

ኢንጅነር፦ (በድንገት መፍቻውን ያስቀምጣል) ቆይ፣ ቆይ። ጎማ ሲሰኩ ነው ይሄን የሚሉት?

ፈዜ፦ አዎ። ቀድመው ሞተሯን ያስነሳሉ፣ ከዛ ቧንቧ ይከፍታሉ። ሲጨርሱ ደግሞ ቀድመው ቧንቧውን ይዘጋሉ፣ ከዛ ሞተሯን ያጠፋሉ። እሳቸው እንዲህ ያደርጋሉ፤ እኔ ደግሞ ስለ እንግዳ አስባለሁ።

ኢንጅነር፦ (ቀስ ብሎ) እኔ ትናንት ቀድሜ ቧንቧውን ከፈትኩ። ሞተሩ አልነሳም ሲለኝ...

ፈዜ፦ ቧንቧውን ጨመርክለት።

ኢንጅነር፦ (ጉሮሮውን ይጠርጋል) ይሄ የሽማግሌ አባባል ነው፤ በጥናት የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ዝም ብለህ ስራህን ስራ።

ፈዜ፦ ስራዬ ምንድን ነው?

ኢንጅነር፦ ያልኩህን ብቻ ማድረግ። ከራስህ ምንም እንዳትጨምር!

(ኢንጅነር ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን ሁለት ካንዴላዎች ይፈታል። ቀዳዳዎቹ ላይ ፊቱን ደፍቶ ያያል።)

ኢንጅነር፦ ይኸው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ሐይቅ አለ። አሁን ሞተሩ ሲዞር ፒስተኑ ውሃውን በዚህ ቀዳዳ ይተፋዋል። አንተ ማስነሻውን ትጫናለህ። ግን ዝም ብለህ አይደለም። እኔ «ጫን» ስልህ ብቻ...

(ፈዜ ይጫናል። ከሁለቱ ቀዳዳዎች የወጣው ውሃ ኢንጅነር ፊት ላይ ያርፋል።)

ኢንጅነር፦ (እየተፋ) ምን ሆነህ ነው!

ፈዜ፦ «ጫን» አልክ።

ኢንጅነር፦ እያስረዳሁህ ነው እንጂ! «ጫን» ስልህ...

(ፈዜ ይጫናል።)

ኢንጅነር፦ ተው! ተው! ከአሁን ወዲያ ያንን ቃል አልናገርም። እጄን ሳነሳ ትጫናለህ። ገባህ?

ፈዜ፦ ገባኝ።

(ኢንጅነር ፊቱን ለመጥረግ እጁን ያነሳል። ፈዜ ይጫናል።)

ኢንጅነር፦ (ከአገጩ ውሃ ይንጠባጠባል) እህትህን ያገባሁበትን ቀን አሁን አስታወስኩት።

ፈዜ፦ ያን ቀንም ዘንቦብህ ነበር።

ኢንጅነር፦ ዝም በል! እንደገና ተጫን። አሁን። በደንብ። እኔ ዞር ብያለሁ።

(ፈዜ ይጫናል። ውሃው ይወጣል። ይጫናል። ይወጣል። ይጫናል። አሁንም ይወጣል።)

ኢንጅነር፦ አያልቅም እንዴ?

ፈዜ፦ የድሮው ስልኬ ውሃ የገባው ጊዜ እኔ ሩዝ ውስጥ ነው የቀበርኩት።

ኢንጅነር፦ ሞተር ሩዝ ውስጥ አይቀበርም። (ትንሽ አስቦ) ተነሳ ግን?

ፈዜ፦ ስልኩ አልተነሳም። ሩዙን ግን በላነው።

ኢንጅነር፦ (ሞተሩን እየዞረ፣ ለራሱ) ይሄን ያህል ውሃ ከሲሊንደር አይወጣም። ወይ ብረቱ ተሰንጥቋል። ወይ በሲሊንደሩና በክዳኑ መሀል ያለው ማሸጊያ ሄዷል። ወይ ደግሞ... አየሩ እርጥብ ነው፤ ሞተሩ ውሃ ከአየር እየሳበ ነው!

ፈዜ፦ እሱን እኮ ልጠይቅህ ነበር...

ኢንጅነር፦ አትጠይቀኝ፣ እያሰብኩ ነው! ከአየር የሚስብ ከሆነ በሩን መዝጋት አለብን።

(ፈዜ ሄዶ የቆርቆሮውን በር ይዘጋል። ይመለሳል። ውሃው ይወጣል።)

ፈዜ፦ ቧንቧውንም ልዝጋው?

ኢንጅነር፦ የቱን ቧንቧ?

ፈዜ፦ አሮጊቷ ሆድ ውስጥ የገባውን። ጠዋት «ጎማውን ሰክተህ ክፈተው፣ ጭቃው ይታጠብ፤ እኔ ካላልኩህ እንዳትዘጋው» ብለኸኝ ከፈትኩት።

ኢንጅነር፦ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው?

ፈዜ፦ አላልከኝማ። ሦስት ጊዜ ልጠይቅህ ስል «ዝም በል» አልከኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

ኢንጅነር፦ ዝጋው።

ፈዜ፦ እንደዛ በለኛ!

(ፈዜ ቧንቧውን ይዘጋል፣ ጎማውን ይነቅላል። ኢንጅነር ግድግዳውን ተደግፎ ለአፍታ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ይጫናሉ። ውሃው ይወጣል፣ ይቀንሳል፣ በመጨረሻ እፍ የሚል ደረቅ አየር ብቻ ይሆናል።)

ኢንጅነር፦ አየህ? ምርመራዬ ትክክል ነበር። ውሃው ከውጭ ነው የመጣው። አሁን በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት፣ ዝገት እንዳይበላው። ትንሽ ነው ያልኩህ! ቀጥሎ ቤንዚኑን እናያለን።

(ከታንከሩ ጥቂት ቤንዚን በጠርሙስ ይቀዳል። ጠርሙሱ ውስጥ ፈሳሹ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይታያል።)

ፈዜ፦ የትኛው ነው ቤንዚኑ?

ኢንጅነር፦ የታችኛው። ቤንዚን ጉልበት ስላለው ይከብዳል፤ ይዘቅጣል።

ፈዜ፦ (ያሸታል) የሚሸተው ግን የላይኛው ነው።

ኢንጅነር፦ ሽታ ይንሳፈፋል።

ፈዜ፦ እሺ። ሁሉንም ደፍተን አዲስ ብንሞላስ? ክርክሩም ይደፋል።

ኢንጅነር፦ (ለመቃወም አፉን ይከፍታል፣ ሰዓቱን ያያል) ...ይሄን ልል ነበር።

(ታንከሩን ያጸዳሉ፣ አዲስ ቤንዚን ይሞላሉ። ኢንጅነር ካንዴላዎቹን ጠርጎ ይመልሳቸዋል። ጎንበስ ሲል ወገቡ ላይ የታሰረ ቀይ ጥምዝምዝ የፕላስቲክ ገመድ ይታያል።)

ፈዜ፦ ቀበቶህ የት ሄደ?

ኢንጅነር፦ ሐይቁ ወሰደው። ይሄን መሪዋ ላይ አገኘሁት፤ ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል ፕላስቲክ አለችው። ጌጥ ነው። ያለ ስራ ከሚንጠለጠል የእኔን ሱሪ ይያዝ ብዬ ነው። አሁን ተጫን!

(ፈዜ ይጫናል። ሞተሩ ይዞራል፤ አይነሳም። ደግሞ ይጫናል። ይዞራል፤ አይነሳም። ኢንጅነር ላብ በላብ ይሆናል።)

ኢንጅነር፦ ነይ እንጂ አንቺ አሮጊት! ነይ እናቴ! ያንቺ ባሪያ ልሁን፣ አንዴ ብቻ!

ፈዜ፦ ካንጀትህ እኮ ነው የለመንካት።

ኢንጅነር፦ (ድምፁ ይሰበራል) አልሆነም ፈዜ። አለቀልኝ። ሞታለች።

(ስልክ ይጮሃል። ፈዜ ከኪሱ ያወጣል።)

ፈዜ፦ አባባ ናቸው።

ኢንጅነር፦ አታንሳ! (ሁለት እጁን ጨብጦ ይንቆራጠጣል፤ ከዚያ ፊቱ በድንገት ይበራል) ፈዜ። ወንድሜ። እኛ ቤተሰብ አይደለን?

ፈዜ፦ ልታስቸግረኝ ነው ማለት ነው።

ኢንጅነር፦ አንተ ልጃቸው ነህ። ልጅ ቢያጠፋ ተቆጥተው ይረሱታል። አማች ካጠፋ ግን እስከ ልጅ ልጅ ይወራል። እውነት ነው ውሸት?

ፈዜ፦ እውነት ነው። የታላቅ እህቴ ባል የሰበረው ብርጭቆ አሁንም ይነሳል።

ኢንጅነር፦ ተባረክ! ስለዚህ ትናንት የነዳሃት አንተ ነህ። የገለበጥካት አንተ ነህ። ውሃ ያጠጣሃት አንተ ነህ።

ፈዜ፦ ካንዴላውንስ ማን ፈታ?

ኢንጅነር፦ አንተ!

ፈዜ፦ ውሃውን ማን አወጣ?

ኢንጅነር፦ አንተ!

ፈዜ፦ ዘይቱንም? ቤንዚኑንም?

ኢንጅነር፦ ሁሉንም! ሞታ ሲያገኟት «ማን ነካካት?» ማለታቸው አይቀርም። አንዲት ብሎን እንኳ ለእኔ እንዳታስቀርልኝ!

ፈዜ፦ አንተስ ምን ስታደርግ ነበር?

ኢንጅነር፦ በር ላይ ቆሜ «ተው ልጄ፣ ይቅርብህ» ስልህ ነበር።

ፈዜ፦ እንደ ሽማግሌ።

ኢንጅነር፦ እንደ ሽማግሌ! በል አንሳው!

(ፈዜ ስልኩን ያነሳል። ኢንጅነር ጆሮውን አስጠግቶ ለመስማት ይሞክራል፤ አይሰማም።)

ፈዜ፦ አቤት አባባ... ደህና ነኝ... ጋራዥ... አሮጊቷ? አዎ፣ ውሃ ገብቷት ነበር... እኔ ነኝ... እኔ ነኝ የገለበጥኳት... አዎ፣ በዛኛው በኩል... እኔ ነኝ... ካንዴላውን? እኔ ነኝ የፈታሁት... አዎ፣ ውሃውን አወጣሁት፣ ዘይት አደረግኩ፣ ቤንዚኑን ቀየርኩ... ብቻዬን... እሱማ ምንም አልነካም። በር ላይ ነው... እሺ። (ለኢንጅነር) ይፈልጉሃል። አላመኑኝም።

ኢንጅነር፦ (ስልኩን ተቀብሎ፣ ድምፁን አለስልሶ) ጤና ይስጥልኝ አባባ!... እውነቱን ነው። ብቻውን ነው የሰራው... ኧረ እኔ ብለምነውም አልሰማኝ አለ!... እኔ? (እስከ ክርኑ በግሪስ የጠቆረ እጁን ከኋላው ይደብቃል) ልጆቼ ይሙቱ አባባ! ይቺ እጄ አንዲት ብሎን አልነካችም!... እሺ፣ ይኸውልዎት። (ስልኩን ይመልሳል፤ በሹክሹክታ) አመኑኝ!

ፈዜ፦ አቤት አባባ... አይነሳም፣ መዞሩን ግን ይዞራል... የቱ ገመድ?... ቀይ?... ጥምዝምዝ?... አዎ፣ አለ። የእህቴ ባል ሱሪ ላይ ነው።

ኢንጅነር፦ ምን?

ፈዜ፦ እሱ ካልተሰካ እሳት አይሰጥም ነው የሚሉት። ሰው ከላይዋ ሲወድቅ ተነቅሎ ሞተሩን እንዲያጠፋ የተሰራ ነው። ፍታው።

ኢንጅነር፦ ሱሪዬስ?

ፈዜ፦ በእጅህ ያዘው። እጅህ እንደሆነ ስራ የለውም።

(ፈዜ ገመዱን ከኢንጅነር ወገብ ይፈታል። ኢንጅነር ሱሪውን በሁለት እጁ ይይዛል። ፈዜ ፕላስቲኳን መሪው ስር ይሰካና ይጫናል። አሮጊቷ ትስላለች፣ ነጭ ጭስ ትተፋለች፣ ከዚያ እንደ ልጅነቷ ትጮሃለች። ፈዜ ስልኩን ወደ ሞተሩ ያስጠጋል፤ ወዲያው ገመዱን ነቅሎ ያጠፋታል።)

ኢንጅነር፦ (እየዘለለ፣ ሱሪውን እንደያዘ) ተነሳች! ተነሳች! አላልኩህም? እነዚህ እጆች! ፈዜ፣ ንገራቸው!

ፈዜ፦ ምኑን?

ኢንጅነር፦ እኔ እንደሰራኋት ነዋ! ካንዴላውን እኔ ነኝ የፈታሁት፣ ውሃውን እኔ ነኝ ያወጣሁት!

ፈዜ፦ አሁን «ልጆቼ ይሙቱ» ብለህ ማልክ እኮ። እኔ አጎታቸው ነኝ። የእህቴን ልጆች ምን በወጣቸው?

ኢንጅነር፦ (ይንተባተባል) መሐላው... መሐላው ለክፉው ነበር! ስልኩን ስጠኝ!

ፈዜ፦ (ስልኩን በሌላኛው ጆሮው አድርጎ) አቤት... ሰሙ አይደል?... እሺ አባባ... እሺ... ኧረ በጣም ደስ ይለዋል። እሺ፣ እነግረዋለሁ። (ይዘጋል።)

ኢንጅነር፦ ምን አሉ?

ፈዜ፦ ሳቁ። «አጥፍቶ፣ ጥፋቱን አምኖ፣ ቁጭ ብሎ የሚያስተካክል ሰው ነበር የምፈልገው» አሉ። ቁልፉን ይዘው መንገድ ላይ ናቸው።

ኢንጅነር፦ ለማን?

ፈዜ፦ ለእኔ።

(ኢንጅነር ሱሪውን እንደያዘ የጋሪው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።)

ኢንጅነር፦ ስለ እኔ... ስለ እኔ ምንም አላሉም?

ፈዜ፦ እንዴት አይሉም! አመስግነውህ አልጠገቡም። «ሰው ከጠዋት እስከ አሁን በዛ ሁሉ ዕቃ መሀል ቆሞ አንዲት ብሎን ካልነካ፣ እንዲህ ያለ የታመነ ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?» አሉ።

ኢንጅነር፦ (ተስፋ እያቆጠቆጠበት) እና?

ፈዜ፦ «ዘበኛ አድርገው» አሉ።